አሥር ጥቅል ለሁለት ቀን መንገድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

አንቺ ልጅ፣

ስልክ ለምን አታነሺም ብለሽ ተቆጥተሽኛል። ደግ አደረግሽ። ግን ታውቂኛለሽ፤ ስልክ ላይ ድምፄ ይከዳኛል፣ ወረቀት ላይ እጄ ይታዘዘኛል። ሃምሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት ከእንግዲህ ጠባይ አትቀይርም። ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ፌንጣን ሁለት ቀን ሙሉ ባቡር ላይ ምን አደርጋታለሁ ላልሽው መልሱ በዚህ ቦርሳ ውስጥ አለ። ልጅሽን ፌንጣ ብዬ የሰየምኳት እኔ ስለሆንኩ ዝላይዋን የማስታገሱም ዕዳ የኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሕፃናት ያስተማርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው! አሥር ጥቅል አለ፤ እያንዳንዱ በጨርቅ ታስሮ ቁጥር ተጽፎበታል። ሁሉንም ባንዴ ፈታተሽ ጠዋቱኑ እንዳትጨርሺው፤ አንዱ ሲሰለቻት ነው ሌላው የሚፈታው።

አንደኛው ቆርኪ ነው። ሃያ ቆርኪ አጥቤ፣ ጠርዙን በመዶሻ ቀጥቅጬ፣ በግማሹ ቁጥር በግማሹ ነጥብ ቀብቼበታለሁ፤ ሦስትን ከሦስት ነጥብ ጋር ታጋባለች። ሁለተኛው የልብስ መቆንጠጫና ባለቀለም ክብ ካርቶን ነው፣ ቀዩን መቆንጠጫ ቀዩ ላይ፣ ቢጫውን ቢጫው ላይ ትቆነጥጣለች። ይሄ ለጣቷ ጉልበት ነው፤ ነገ እርሳስ ስትይዝ ታመሰግኚኛለሽ። ሦስተኛው በፌስታል የቋጠርኩት የጨው ሊጥ ነው፤ ዱቄት፣ ጨው፣ ውሃና ጠብታ ዘይት፣ ሌላ ምንም የለውም። ብትቀምሰው አትደግመውም። አራተኛው የመስኮት ካርድ ነው። ድልድይ፣ ላም፣ ብስክሌት፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሥዬበታለሁ፤ በመስኮት ያየችውን ምልክት ታደርግበታለች። አንድ ሳጥን ባዶ ትቼላታለሁ፣ የራሷን ትሣልበት። አምስተኛው በዓሣ ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን ነው፤ ዙሪያውን ተበስቷል፣ በጫማ ማሰሪያ ትሰፋዋለች። ካርቶኑ አሮጌ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ያዙት። የቀሩትን ስትፈቺ ታያቸዋለሽ።

ጣቢያ መጥቼ ስለማልሸኛችሁ አትቀየሚኝ። ከሃያ ስድስት ዓመት ወዲህ እግሬ ወደ ባቡር ጣቢያ አቅንቶ አያውቅም፤ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽና አታጽፊኝ። ቦርሳውን ጎረቤቴ ታደርስልሻለች። ስትደርሺ ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ያንን የሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ አፉን ሸፍኖ ይዋጋው።

እህትሽ


ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

እትዬ፣

በሰላም ገብተናል። ቶሎ ባለመጻፌ ይቅር በይኝ፤ ዕቃ ስንፈታ፣ ቤት ስንጠርግ ቀኑ እንደ ዋዛ ሄደ። የፋብሪካው ቤት ሁለት ክፍል ነው። መስኮቱን ጠዋት ብትወለውይው ከሰዓት በኋላ በጣትሽ ይጻፍበታል። የፌንጣ አባት ደህና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል። እኔ በሌለሁበት መወፈሩ ትንሽ አናዶኛል።

ቦርሳው እንዴት ሆነ ብለሽ በሰው ጠይቀሽኛል። ነፍስ አድን ነበር! በቆርኪው የፉርጎው ሰው ሁሉ ተጫወተ። አንድ ጺማም ሰውዬ ስምንትን ከሰባት ነጥብ ጋር ቢያጋባ ፌንጣ ቆጥራ ቆጥራ ገሠጸችው። ሊጡን ቀምሳ፣ እንዳልሽው፣ አልደገመችውም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። አምስተኛውን ጥቅል፣ ዓሣውን፣ ከፈታን በኋላ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ፉርጎው ሞቋል፣ ተሳፋሪው ያንጎላጃል። ዓሣውን እንደያዘች ከመቀመጫው ሥር ገባች። ብጠራት ዝም። ጎንበስ ብዬ ሳይ መዳፏን አፏ ላይ ለጥፋ ጋደም ብላለች፤ ዓይኗ ብቻ ቁልጭ ቁልጭ ይላል። ልስቅ ነበር፣ ሳቄ ግን አልመጣም። ምን እየተጫወትሽ ነው ስላት እጇን ትንሽ ገለጥ አድርጋ፣ «የዝምታ ጨዋታ ነው፤ ገና አላለቀም» አለችኝ በሹክሹክታ። ማን አስተማረሽ ስላት ወደ ጥጉ ጠቆመች። ጥጉ ላይ ከባቡሩ ብረት በቀር ምንም አልነበረም። እየጎተትኩ ሳወጣት እንደ ትልቅ ሰው ተቆጣችኝ።

ደግሞ የመስኮት ካርዱን ተመልከቺ፤ አብሬ ልኬልሻለሁ። ባዶው ሳጥን ላይ ቀይ የውሃ ማማ ሥላለች። መሰላሉ መሃል ላይ ተሰብሯል። እኔ መንገዱን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሽማግሌው ትኬት ቆራጭ ሥዕሉን አየና፣ «ይሄ እኮ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ የነበረው ነው። ካፈረሱት ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የት አየችው?» አለኝ።

ዝርዝርሽ ላይ የዝምታ ጨዋታ የሚባል የለም። ረስተሽው ከሆነ እንዴት እንደሚያልቅ ጻፊልኝ። እዚህ ከገባን ወዲህም በየቀኑ ጠረጴዛ ሥር እየገባች ትጫወተዋለች።

እህትሽ


ጥቅምት 23

አንቺ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ አትውቀሺኝ፤ ትምህርት ቤት እሳት ላይ ነን። አዲሱ ርእሰ መምህር የአሸዋ ሳጥኑ ግቢውን ያቆሽሻል ብሎ ሊያስነሳው ነው። ልጅ ሳይቆሽሽ ሲማር አይቶ ያውቃል? አንዱ ጉደኛ ተማሪ ደግሞ ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ከቶ፣ ግማሽ ቀን በወረፋ ስናስነጥሰው ዋልን።

አይ፣ የዝምታ ጨዋታ አላስገባሁም። ቦርሳውን በእጄ ነው የሞላሁት። ልጅ ከየትም ያመጣል፤ ከጎረቤት ልጅ ሰምታው ይሆናል። ማማውም ቢሆን ከሆነ መጽሐፍ ላይ ያየችው ነው። አትጎትቻት፣ አትቆጪያትም፤ ሌላ ነገር ስጫት ትረሳዋለች። ያረጀ ካልሲ ፈልጊና ሁለት ቁልፍ ስፊበት፣ ዓይን ይሆናል፤ እጅሽን ከተሽ አናግሪያት። ልጅ ለእናቱ የማይመልሰውን ለካልሲ ይመልሳል። ባዶ የእንቁላል ካርቶን ላይ ባቄላ ትደርድር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች። ድምፅ የሚያስወጣ ነገር ስጫት። ጣሳ ትደብድብ፣ ትጩኽ፣ ቤቱን ታፍርሰው።

ለመሆኑ ስንተኛው ፉርጎ ነበር የተሳፈራችሁት? መቀመጫው አረንጓዴ ነበር? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እህትሽ


ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

እትዬ፣

ሦስተኛው ፉርጎ ነው። መቀመጫውም አረንጓዴ ነው፣ ስንጥቁን በጥቁር ክር የሰፉት። አንቺ እንዴት አወቅሽ?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ ለመቀለድ ስትጣጣሪ አውቅሻለሁ፤ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

ካልሲውን ሰፋሁ፣ አናገርኳት። ካልሲውን ከእጄ ወሰደችና ጠረጴዛው ሥር፣ ከጎኗ፣ ማንም የሌለበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ባቄላውን ሁለት ቦታ ነው የምትከፍለው። ዳቦ ስሰጣት ግማሹን ብቻ በልታ ግማሹን ወደ ጥጉ ትገፋለች። የሚነካው የለም፤ ስጠርግ ደርቆ አገኘዋለሁ። ስትጠራ አትሰማም፣ ስትስቅ ድምፅ የላትም። ሰባት ቀን ሆናት አንድ ቃል ካወጣች። ጤና ጣቢያ ወስደናት ነበር፤ ነርሷ ጉሮሮዋን አይታ ምንም የለባትም፣ አኩርፋ ነው አለችን። እኔ የልጄን ኩርፊያ አላውቅምና ነው!

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀርቼ ነበር፤ አንቺን ማሳዘን ስላልፈለግኩ ነው። ዓሣውን የሰፋችው ከኋላ ወደ ፊት ነው፣ በግራ እጅ። ፌንጣ ግራኝ አይደለችም። በቤታችን ግራኝ የነበረችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ያንቺን ልጅ፣ ሁላችንም ጭምቷ የምንላትን፣ ይዘሽ ባቡር ተሳፈርሽ፤ ብቻሽን ተመለስሽ። ባቡር ላይ ጠፋች ተባለ። እናታችን ስለሷ ማንም እንዳያነሳብሽ አስማለችን። ሃያ ስድስት ዓመት መሐላዬን ጠብቄያለሁ። አሁን ግን ልጄ ጠረጴዛ ሥር ናት። እትዬ፣ ያን ቀን ምን ሆነ? ለጭምቷ ያስተማርሻት ጨዋታ ምን ነበር?

እህትሽ


ኅዳር 12

የኔ እናት፣

አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህን አልቀደውም።

ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዓሣው የሷ ነበር። በመሳቢያዬ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ልጥለው አልቻልኩም፤ አንድ ቀን እንደገና በልጅ እጅ ይያዝ ብዬ ላኩላችሁ። ሌላ ተንኮል የለኝም።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። የዓመቱ መጨረሻ ነበርና የአርባ ሁለት ልጆች ሪፖርት ካርድ ይዤ ተሳፈርኩ፤ ስደርስ ማስረከብ ነበረብኝ። ጭምቷ ጭምት ትባል እንጂ ከኔ ጋር ስትሆን አፏ አያርፍም። እማ ይሄ ምንድን ነው፣ እማ እሱ ሰውዬ ለምን ተኛ፣ እማ ቀይ ማማ! መሰላሉ ተሰብሯል! እያለች በየመስመሩ ታሳስተኝ ጀመረች። ለሰው ልጅ ሁሉ ጨዋታ የምሠራ ሰው፣ ለልጄ አንዲት ጨዋታ አልያዝኩላትም ነበር፤ ዓሣዋን ብቻ። ስለዚህ እዚያው አንድ ፈጠርኩላት። ከመቀመጫው ሥር ትገባለሽ፣ አፍሽን ትይዣለሽ፣ እኔ ሁለት ጊዜ እስካጨበጭብ ድረስ ማንም ቢጠራሽ አትወጪም፣ አትናገሪምም አልኳት።

በኔ ክፍል ደንቡ እንዲህ ነው። ጨዋታ በሁለት ጭብጨባ ይጀመራል፣ በሁለት ጭብጨባ ያልቃል። ከዚያ በፊት አንድም ልጅ አይነሳም፤ አንድ ላይ የጀመሩም አንድ ላይ ይጨርሳሉ። ተቆጣጣሪዎች ከሌላ ትምህርት ቤት መምህራን እያመጡ ያሳዩ ነበር፣ እኔም በኩራት አብጥ ነበር። ጭምቷ ከሁሉም ተማሪዎቼ ይልቅ ደንቡን የምታከብር ነበረች።

በጭብጨባ ጀመርኩላት። ጸጥ አለ። እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ! ሃያ ያህል ካርድ ሞላሁ። ከዚያ ሙቀቱ አሸነፈኝና ካርዶቹ ላይ ደፋ አልኩ። ስነቃ ከመቀመጫው ሥር አልነበረችም። ጮህኩ፣ በስሟ ጠራኋት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። ባቡሩ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ነበርና እንዳይነሳ አስደረግኩ፤ ወርጄም ጠራኋት። ሳይከፈት የቀረ ሣጥን፣ ያልታየ ጥግ የለም። እዚያ ቆመን ሳለ የፉርጎው በር ክፍት ነበር ያሉም አሉ። አሥራ አንድ ቀን ሐዲዱን ዳርና ዳር ፈለጉ፤ አንድ ጫማ እንኳ አልተገኘም።

ከሰባት ወር በኋላ ክፍል ውስጥ ልጆቹን ላስነሳ እጄን አነሳሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ያን ቀን ያላደረግኩት ነገር የለም ብዬ ነበር የማምነው። ያን ቀን አላጨበጨብኩም። ልጄ እየሰማችኝ፣ የተሻለ መደበቂያ አግኝታ፣ ደንቡን አክብራ ዝም ብላ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲህ ደወል ነው የምጠቀመው። ለሠርግም ለሽልማትም አጨብጭቤ አላውቅም።

ይኸው። አሁን ጠረጴዛው ፊት ቁሚና ሁለት ጊዜ አጨብጭቢላት።

እህትሽ


ኅዳር 19

እትዬ፣

አጨበጨብኩ። አባቷም አጨበጨበ። የሚያየን ጎረቤት እነዚህ ሰዎች አብደዋል ሳይል አልቀረም።

ፌንጣ እጇን ከአፏ አነሳች። በስንት ጊዜዋ ተናገረች ብዬ ልቤ ዘለለ። እንደ ሞኝ ቆጥራኝ እያዘነችልኝ አየችኝና፣ «አንቺ አይደለሽም እኮ። የሷ እናት ናት የምታጨበጭበው። እዚያው ባቡሩ ውስጥ። ያኔ ሁለታችንም እንወጣለን» አለችኝ። መልሳ አፏን ያዘች።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ነይ።

እህትሽ


ኅዳር 26

የኔ እናት፣

ለምን አልመጣሽም ብለሽ ልትጽፊ ብዕር ማንሳትሽን እዚህ ሆኜ አያለሁ። መጥቼ ነበር። ትኬት ቆርጬ፣ ልብሴን ይዤ፣ ጣቢያው በር ደርሻለሁ። ባቡሩ ቆሟል፤ ሦስተኛው ፉርጎ ልክ በሩ ፊት ለፊት ነበር። ተመለስኩ።

ሰው ሁሉ ባቡር የምፈራ ይመስለዋል፤ አንቺም እንደዚያ ብታስቢ አልፈርድብሽም። ባቡር አይደለም። ሌላዋ እናት ልጇ ስትሞት መቃብር አላት፤ ሄዳ አበባ ታስቀምጣለች። እኔ ያለኝ ያላለቀ ጨዋታ ነው። እስካላጨበጨብኩ ድረስ ልጄ የሆነ ቦታ አፏን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። በዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የምነሳው። አጨብጭቤ ማንም ባይወጣስ? ያን ጊዜ ልጄ ሞታለች ማለት ነው፤ የገደልኳትም በሁለት እጄ ይሆናል።

ለፌንጣ ወተት በማር ስጫት። ጥቂት ቀን ታገሺኝ። ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ።

እህትሽ


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ።

ወተቱን አልጠጣችም። ሐኪሙ ትናንት መዘናት፤ በአንድ ወር ሦስት ኪሎ ቀንሳለች። የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ምን ያህል ኪሎ ያላት ይመስልሻል? እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ አጠገቧ እተኛለሁ። ትናንት እጇን ይዤ ላነሳው ስሞክር መዳፏ ቀዝቅዞ ነበር። ከሷ ወዲያ ያለው ቦታ ደግሞ የበለጠ ይቀዘቅዛል። እዚያ ላይ ክንዴን ዘርግቼ ተኛሁ፤ ምን እንዳቀፍኩ አላውቅም፣ ግን አልፈራሁም። አሳዘነችኝ።

እትዬ፣ አንቺ ለራስሽ ስለሚቀርሽ ነው የምታስቢው። እሷስ? ያቺም አምስት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አፏን ይዛ እጇ አይደክማትም? አንቺ በተስፋ ለመኖር እሷን በጨዋታው ደንብ አስረሻታል።

ከባድ ቃል ተናገርኩሽ። እናቴ ነሽ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አጉርሰሽ አልብሰሽ አሳድገሽኛል፤ ነፍሴን ብትጠይቂኝ እሰጥሻለሁ። ልጄን ግን አልሰጥሽም።

እህትሽ


ታኅሣሥ 8

ሐሙስ እሳፈራለሁ። ሦስተኛው ፉርጎ። እውነትሽን ነው።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

እትዬ፣ የት ነሽ?

መጀመሪያ ደስታውን ልንገርሽ። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካሥር ላይ፣ ሰዓቱን አይቼዋለሁ፣ ወጥ ቤት ሆኜ ድስት እየፈተግኩ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ያለ ሰው የሚተነፍሰውን። ዞር ስል ፌንጣ ወጥታ ቆማለች። «እርቦኛል» አለችኝ። ድስቱ ከእጄ ወደቀ። ሁለት ዳቦ በላች፣ ሙሉ ሙሉውን። ከዚያ ማን ያስቁማት! ወር ሙሉ ያጠራቀመችውን ወሬ ለቀቀችብን፤ አባቷ ከሥራ ሲገባ ጀምራ እስክትተኛ አላባራችም። ዛሬ ጠዋት አልጋ ላይ ስትዘል የአልጋውን እግር ሰብራዋለች። አልተቆጣናትም።

ያቺኛዋስ የት ሄደች ብዬ ጠየቅኳት። «ወጣች» አለችኝና መዝለሏን ቀጠለች።

አርብ ሦስታችንም ጣቢያ ወጥተን ጠበቅንሽ። ከባቡሩ አልወረድሽም። ትኬት ቆራጩ ቦርሳሽን ሰጠኝ። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ወርደሻል አለ። ብቻዋን ናት ስለው ራሱን አከከና፣ «ብቻቸውን ናቸው። ግን ደረጃውን ሲወርዱ አንድ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ በየደረጃው ቆም እያሉ ነበር፣ ትንሽ ልጅ የሚያወርድ ሰው እንደሚያደርገው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልረጋሁም።

ይህን ደብዳቤ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ካገኘሽው ሁለት ነገር መልሺልኝ፤ ደህና ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?

እህትሽ


ታኅሣሥ 16፣ ከሦስተኛው ጣቢያ

የኔ እናት፣

አቁሜ ስላስጠበቅኳችሁ ይቅር በይኝ። ስለ ፌንጣ የጻፍሽውን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። የአልጋው እግር የኔ ስጦታ ነው በይ።

ደህና ነኝ። ለሁለተኛው ጥያቄሽ እውነቱን እጽፍልሻለሁ፤ ለባልሽ ግን አታንብቢለት።

ያው አረንጓዴው መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣ ፀሐዩ ገብቶ ሰዉ ሲያንጎላጅ፣ ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ። እጄ ረስቶት ነበር፤ ድምፁ ሳሳ። ጺማሞቹም ሕፃናቱም ዞረው አዩኝ፣ ከዚያ ተውኝ። ምንም አልሆነም። አለቀ፣ በቃ፣ ገደልኳት ብዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካ።

ወጣች። ያችው ቀሚስ፣ ያው አቧራ፣ የቀኝ ጫማዋ ማሰሪያ የተፈታ። እጇን ከአፏ ስታነሳ የአራት ጣቶቿ ምልክት ጉንጯ ላይ ቀርቶ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ይህ ቀን ቢመጣ ምን እላታለሁ እያልኩ አጥንቼ ነበር። እሷ ግን ሽበቴን አየች፣ መነጽሬን አየች፣ ፊቴን እዚህም እዚያም ፈለገችው። ከዚያ እኔው እንዳስተማርኳት በትሕትና፣ «እማማ፣ እናቴን አይተዋታል? እዚህ ተቀምጣ ካርድ እየሞላች ነበር» አለችኝ።

ልጄ አንቱ አለችኝ።

እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዘጋሁት። የሷ እናት ጥቁር ፀጉር ያላት ወጣት ናት። አሮጊት ሴት ተነስታ እናትሽ ነኝ ብትላት ጮኻ እንደገና ከመቀመጫው ሥር ትገባለች። ስለዚህ፣ «አይቻታለሁ። እየፈለገችሽ ነው። እስክትመጣ ከኔ ጋር ቆዪ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ሦስተኛው ጣቢያ እንውረድ፤ እዚያ ወርዳ እየጠራችኝ ነበር፣ ሰምቻታለሁ፣ ግን አላጨበጨበችም» አለች። ወረድን።

እዚህ ያለው አንድ መጠበቂያ ክፍል፣ አንድ ዛፍና አንዲት ሻይ ሻጭ ብቻ ነው። ሻይ ሻጯ ከጓዳዋ ጀርባ ክፍል አከራይታኛለች። ሁለት ሻይ ባዝዝ ሁለት ታመጣለች፤ አንዱ ለምን እንደሚበርድ ግን አትጠይቀኝም። እሷን አታያትም። ደግ ሴት ናት፣ ያበድኩ መስሏት በማታ ሾርባ ትሰጠኛለች። ለትምህርት ቤቱ ከእንግዲህ እንደማልመለስ ጽፌያለሁ፤ ርእሰ መምህሩ የአሸዋ ሳጥኑን ያፍርሰው፣ ድል አድርጓል።

ቀኑን ሙሉ እንጫወታለን። ከመሬት ያገኘሁትን ሁሉ ነው የማደርግላት። የትኬት ወረቀት አጥፌ ጀልባ ሠራሁ፣ በኩሬ ላይ ለቀቅነው። በጠጠር ቤት ሠራን፤ ለእናቷ ትልቁን ክፍል ሰጠቻት። መዳፏ ላይ ጣቶቿን እያጠፍኩ ቆጠርኩላት፣ ስትኮረኮር ትንፋሿ እስኪያጥር ሳቀች። ያን ቀን ካርዶቹን ትቼ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲህ ብሆንላት ኖሮ! ይህን ሳስብ ጥርሴን ነክሼ እቀጥላለሁ፤ በጨዋታ መሃል ማልቀስ አይፈቀድልኝም።

አትምጪ። ፌንጣንም በዚህ መስመር ዳግመኛ አታምጫት፤ ጭምቷ አብረን እንጫወት ብላ ከጠራቻት እኔ እንቢ ማለት አልችልም።

ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ትጠጋኛለች። ትናንት እጄን አገላብጣ አየችና፣ «እናቴም እዚህ ጋ ጥቁር ነጥብ አላት» አለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችውም። አሁን ፀሐይ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የምጽፍልሽ። እንቅልፍ ወስዷት ጭኔ ላይ ተኝታለች። ክብደቷን አውቀዋለሁ፤ አንድም ነገር አልጎደለበትም። በሕልሟ አንዴ «እማ» አለች፣ ማንን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ስትነቃ ምናልባት ቀና ብላ አይታኝ ታውቀኝ ይሆናል። እግሬ ደንዝዟል፤ አልነቃነቅም።